ከባድ መኪናና ልዩ ዐዋቂ ምስክር
በናይሮቢ ፍርድ ቤት ስለሚቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በፍርድ አደባባይ ዘወትር ይሠራል። ሁለት ተሟጋቾች በአንድ ነገር ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ቃል ባሰሙ ጊዜ፣ ዳኛው እውነቱን የሚያገኘው የቃሉን ሥር መርምሮ ነውና። ምስክሩ መንገደኛ ወይም ጎረቤት ሲሆን ሥሩን መፈለግ ያን ያህል አያስቸግርም። የት ቆመው ነበር? ጨለማ ነበርን? ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎትን? ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ምስክሩ ግን መሐንዲስ በሆነ ጊዜ፣ በእጁም ቁጥርና ሥዕል የሞላበት ጽሑፍ ይዞ በቀረበ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ማመን ይቀናዋል። ቁጥር አይዋሽም ይባላልና። ነገር ግን ቁጥሩን የመረጠው ሰው ነው፤ ሰውም ሊሳሳት ወይም ላመጣው ወገን ሊያደላ ይችላል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንገልጸው፣ በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ በከባድ መኪና አደጋ ምክንያት ክርክር በሚነሣበት ጊዜ፣ ከሁለቱም ወገን የሚቀርቡት የመንገድ ደኅንነት ዐዋቂዎች በምን ዐይነት መስቀለኛ ጥያቄ እንደሚፈተኑ ነው። ነገሩ የጠበቆችን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብን ኑሮ የሚነካ መሆኑን አንባቢዎቻችን ከዚህ በታች ይረዱታል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልን በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩ኛ፤ መንገዱና አደጋው

ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ናይሮቢን የሚያቋርጠው ታላቅ መንገድ በናኩሩ በኩል አልፎ እስከ ኡጋንዳ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኮንጎ የሚሄደው ዕቃ ብዙው በዚሁ ያልፋል። ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ ብቻ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሌላው መንገድ ደግሞ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ወጥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ከእኛው ከሞያሌ ይደርሳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ኮንቴይነር፣ ነዳጅና ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይመላለሳሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2013 ባወጡት የጭነት ሕግ መሠረት፣ የአንድ ከባድ መኪና ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ ከ56 ቶን ማለፍ አይፈቀድለትም። ይህን ያህል ክብደት ከተቆጣጣሪው እጅ ባመለጠ ጊዜ የሚያደርሰው ጥፋት እጅግ ከባድ ነው።

ጥር 31 ቀን 2009 በሳቻንግዋን አንድ የነዳጅ ቦቴ ተገልብጦ፣ ሕዝቡ የፈሰሰውን ነዳጅ ሊቀዳ ተሰብስቦ ሳለ እሳት ተነሥቶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰኔ 30 ቀን 2023 በሎንዲያኒ መገንጠያ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከመንገድ ወጥቶ በመንገድ ዳር የሚነግዱትንና ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ሰዎች ደምስሶ ከ50 በላይ ነፍስ ጠፋ። እነዚህ ስማቸው የተሰማ አደጋዎች ናቸው። በጋዜጣ ሳይነገርላቸው በየመንገዱ የሚሞቱት ግን ይበልጣሉ፤ በ2021፣ በ2022ና በ2023 በኬንያ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው በእያንዳንዱ ዓመት ከ4,000 በላይ ነበር።

የሞተው ሰው የቤት አስተዳዳሪ እንደ ሆነ፣ ከቀብር በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። የኬንያ ሕግ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ሟቹ ይሰጣቸው ስለ ነበረው መተዳደሪያ ካሣ እንዲጠይቁ ይፈቅድላቸዋል። ክሱም በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የካሣው ልክ እንደየመጠኑ በናይሮቢ በሚሊማኒ በሚገኙት ፍርድ ቤቶች ይታያል። በ2015 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ዋና ማጅስትሬት እስከ 20 ሚሊዮን ሺሊንግ የሚደርስ ክርክር ለማየት ሥልጣን አለው፤ ከዚያ የበለጠው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል።

፪ኛ፤ ልዩ ዐዋቂ ማለት ማን ነው?

ተራ ምስክር ያየውንና የሰማውን ብቻ ይናገራል፤ ይመስለኛል ማለት አይፈቀድለትም። ልዩ ዐዋቂ ግን በትምህርትና በሥራ ባገኘው ዕውቀት አሳቡን እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። የኬንያ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 48 ዳኛው ስለ ሳይንስ ወይም ስለ ጥበብ ነገር አሳብ መወሰን ሲያስፈልገው፣ በዚያ ነገር ልዩ ችሎታ ያለውን ሰው አሳብ እንዲቀበል ይፈቅዳል። ይህ ሕግ የተጻፈው በ1872 ከወጣው ከሕንድ የማስረጃ ሕግ ሥር ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ኬንያ ነፃነቷን ባገኘችበት ወር፣ በታኅሣሥ 1963 ነው።

የዚህ ልማድ ምንጭ ደግሞ ከዚያ የራቀ ነው። በ1782 በእንግሊዝ አገር ስለ አንድ ወደብ በአሸዋ መደፈን ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ሎርድ ማንስፊልድ የተባሉት ዳኛ ጆን ስሚተን የተባለው የታወቀ መሐንዲስ አሳቡን እንዲሰጥ ፈቀዱ። ከዚያም ወዲህ ዐዋቂ ምስክር በእንግሊዝ ሕግ ሥር በኖሩት አገሮች ሁሉ የታወቀ ሆነ። በ1953 ደግሞ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት አንድ ጠቃሚ ደንብ አቆመ፤ ይኸውም የዐዋቂው ተግባር ዳኛው የአሳቡን ትክክለኛነት ራሱ ሊመዝንበት የሚችለውን የሳይንስ መለኪያ ማቅረብ ነው እንጂ፣ በዳኛው ወንበር ላይ መቀመጥ አይደለም የሚል ነው።

በከባድ መኪና ክርክር የሚቀርቡት ዐዋቂዎች ብዙ ዐይነት ናቸው። አንዱ መኪናውን የመረመረው የመንግሥት መርማሪ ነው። ሁለተኛው ከጎማ ምልክትና ከመኪናው መጨማደድ ተነሥቶ ፍጥነትን የሚያሰላ መሐንዲስ ነው። ሦስተኛው ስለ ሾፌሮች አሠለጣጠንና ስለ ማመላለሻ ድርጅት አሠራር የሚናገር የደኅንነት ዐዋቂ ነው። ከሳሹም ተከሳሹም የየራሳቸውን ያመጣሉ። እያንዳንዱም ገንዘብ ተቀብሎ ስለሚመጣ፣ ሁለቱም በእውነት ሊቅ ሆነው ሳሉ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። እንግዲህ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው።

፫ኛ፤ መስቀለኛ ጥያቄ

ምስክር ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። መጀመሪያ ያመጣው ወገን ዋና ጥያቄ ያቀርብለታል። ቀጥሎ ተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል። በመጨረሻም ያመጣው ወገን በመስቀለኛው የተድበሰበሰውን ለማብራራት ድጋሚ ጥያቄ ያደርጋል። በዋናው ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ የሚጠቁም መሪ ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው፤ በመስቀለኛው ግን ይፈቀዳል። የኬንያ ሕግ አንቀጽ 154 እንደሚለውም፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የምስክሩን ትክክለኛነትና ታማኝነት ለመፈተን፣ ማንነቱንም ለማወቅ መጠየቅ ይቻላል።

የእኛ አገር ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት፣ ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው አንዱ ሌላውን በጥያቄ ሲያጣብቀው፣ ሕዝቡም ዙሪያውን ከቦ ሲያዳምጥ የኖረ ልማድ ነው። ልዩነቱ የጥንቱ ተሟጋች በአነጋገር ውበትና በድፍረት ይመካ እንደ ነበረ፣ የዛሬው ጠበቃ ግን ዐዋቂ ምስክርን ሲጠይቅ በድፍረት ብቻ ምንም ሊያገኝ አለመቻሉ ነው። ሊቅን በሙያው ላይ በጩኸት ማሸነፍ አይቻልም። እንዲያውም ያልተዘጋጀ ጠበቃ «ለምን እንዲህ አሉ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ዐዋቂው ረዥም ትምህርት ይሰጥበትና የራሱን ነገር ያጠናክራል። ስለዚህ ብልኅ ጠበቃ አጫጭር ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱ በሰነድ ወይም በሂሳብ የታወቀውን ብቻ ይጠይቃል፤ የሚፈልገውን መልስ ባገኘ ጊዜም ዝም ይላል።

፬ኛ፤ አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው እኛ ያሰናዳነው ነው፤ ሂሳቡ ግን መሐንዲሶች በእውነት የሚሠሩበት ሂሳብ ነው።

አንድ ኮንቴይነር የጫነ መኪና በሞምባሳ መንገድ ወደ ናይሮቢ ሲመጣ፣ ከጎን መንገድ የገባችን አንዲት ትንሽ መኪና ገጭቶ ሾፌሯን ገደለ እንበል። የሟቹ ሚስት ሦስት ልጆች ይዛ የማመላለሻውን ድርጅት ከሰሰች። ድርጅቱ ደግሞ «ሟቹ ራሱ ሳያይ ገባ፤ የእኛ ሾፌር በልክ ነው የሄደው» ብሎ ተከራከረ። በደረቅና በለጥ ባለ አስፋልት ላይ ከባዱ መኪና ፍሬን ይዞ የተንሸራተተበት ምልክት 40 ሜትር ሆኖ ተለክቷል። በኬንያ ሕግ ባዶ ክብደቱ ከ3,048 ኪሎ በላይ የሆነ የንግድ መኪና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ስለማይፈቀድለት፣ ክርክሩ ሁሉ ይህን ቁጥር ማለፉንና አለማለፉን የሚመለከት ሆነ። የ80 ኪሎ ሜትሩ መቈጣጠሪያ መሣሪያ በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ላይ እንዲገጠም የታዘዘው የመጓጓዣ ሚኒስትር በነበሩት በጆን ሚቹኪ ደንብ በ2003 ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው።

የሚስቲቱ ዐዋቂ መጀመሪያ ቀረበ። ከ40 ሜትሩ ምልክት ተነሥቶ ፍጥነቱ በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ነበር አለ። የድርጅቱ ጠበቃ ተነሥቶ ይጠይቀው ጀመር።

«ይህን ፍጥነት ያገኙት ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበትን ኀይል በቁጥር ገምተው ነው፤ አይደለምን?»

«አዎን፤ ነው።»

«የወሰዱት ቁጥር 0.7 ነው?»

«ነው።»

«ይህ ቁጥር በደረቅ አስፋልት ላይ ለቤት መኪና ጎማ የሚነገር ነው?»

«ለቤት መኪና ብዙ ጊዜ ይነገራል።»

«የከባድ መኪና ጎማ ከቤት መኪና ጎማ ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ አስፋልቱን የሚይዝበት ኀይል ያነሰ መሆኑን ያምናሉን?»

«አምናለሁ።»

«0.5 ቢወስዱ ኖሮ ፍጥነቱ ስንት ይሆን ነበር?»

ዐዋቂው ጥቂት ካሰላ በኋላ «ወደ 71» አለ። ጠበቃውም ተቀመጠ።

እነሆ፣ አንዲት ቁጥር ከ0.7 ወደ 0.5 በመለወጧ ብቻ፣ ሕግ ተላላፊ የነበረው ሾፌር ሕግ አክባሪ ሆነ። ጠበቃው ዐዋቂውን አልሰደበም፤ ትምህርቱንም አልነቀፈም። የቆመበትን መሠረት ብቻ አሳየ። የሚስቲቱ ነገር በዚህ ሰዓት የጠፋ ይመስላል።

በማግሥቱ የድርጅቱ ዐዋቂ ቀረበ። እርሱ 0.5ን ወስዶ ፍጥነቱን 71 አደረገ፤ በጽሑፉም ሌላ ገጽ ላይ፣ ትንሿ መኪና ከተጨማደደችበት መጠን ተነሥቶ ከባዱ መኪና በመታበት ጊዜ ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ነበረ ጽፏል። የሚስቲቱ ጠበቃ ሌሊቱን ይህን ገጽ ሲያነብ አድሮ ነበርና እንዲህ ሲል ጠየቀ።

«71 ያሉት ፍጥነት፣ መኪናው በ40 ሜትሩ መጨረሻ ላይ ፈጽሞ ቆሟል ብለው ያሰሉት ነው?»

«ሂሳቡ እንዲሁ ነው።»

«ነገር ግን በ40 ሜትሩ መጨረሻ ላይ አልቆመም፤ መታ እንጂ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በመታበት ጊዜ ፍጥነቱ 40 ነበር ብለው በአራተኛው ገጽ ጽፈዋል?»

«ጽፌአለሁ።»

«እንግዲህ ፍሬን ከመያዙ በፊት የነበረው ፍጥነት ከ71 የበለጠ መሆን አለበት፤ አይደለምን?»

«መሆን አለበት።»

«በራስዎ ቁጥሮች ሲሰላ ስንት ይሆናል?»

«ከ81 በላይ» ሲል መለሰ።

ይህ እንዴት እንደሚገኝ መረዳት ለጠበቃው ግዴታ ነው። 71ንና 40ን ደምሮ 111 ነው ያለ ጠበቃ በዐዋቂው ፊት ያፍራል፤ ፍጥነት እንዲህ አይደመርምና። የሚደመረው የእያንዳንዱ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ነው። 71 በ71 ሲባዛ 5,041 ይሆናል፤ 40 በ40 ሲባዛ 1,600 ይሆናል፤ ድምሩ 6,641 ነው። በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጠው ቁጥር 81 ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ራሱ ባመጣው ዐዋቂና በራሱ ቁጥር ሾፌሩ ከሕጉ ልክ አልፎ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ትርፉ ጥቂት ነው፤ በድጋሚ ጥያቄም ዐዋቂው «40 ያልሁት በግምት ነው» ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ዳኛው አሁን የሚመዝነው የሰዎቹን ማዕረግ ሳይሆን የቁጥሮቹን መሠረት ሆኗል።

፭ኛ፤ ሌሎች የጥያቄ በሮች

ከዚህ ሌላ በከባድ መኪና ነገር የታወቁ የጥያቄ በሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሾፌሩ መንቂያ ጊዜ ነው። ሰው አደጋን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ጊዜ ያልፋል። አንዱ ዐዋቂ ሴኮንድ ተኩል ነው ሲል፣ ሌላው ሁለት ሴኮንድ ተኩል ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ይጓዛል። በመጀመሪያው አቆጣጠር 33 ሜትር፣ በሁለተኛው ከ55 ሜትር በላይ ፍሬን ሳይያዝ ያልፋል ማለት ነው። ሾፌሩ ሟቹን ማዳን ይችል ነበር ወይስ አይችልም የሚለው ነገር በዚህች አንዲት ሴኮንድ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ሁለተኛው የአየር ፍሬን ነው። ከባድ መኪና የሚቆመው በዘይት ሳይሆን በታመቀ አየር ስለ ሆነ፣ ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ አየሩ እስከ ኋላ ጎማዎች ደርሶ ፍሬኑን እስኪያስይዝ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ሊያልፍ ይችላል። ይህም በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 11 ሜትር ነው። ዐዋቂው ይህን ቆጥሯልን? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው የፍሬን ምርመራ ነው። ረዥም ቁልቁለት በሚወርድ መኪና ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ይግላል፤ በጋለም ጊዜ የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። መርማሪው ግን መኪናውን የሚያየው ከቀናት በኋላ፣ ፍሬኑ ከበረደ ወዲያ ነው። «ፍሬኑ ደኅና ነበር» ብሎ የመሰከረ መርማሪ «ሲበርድ ደኅና መሆኑ፣ ሲግል ደኅና እንደ ነበረ ያስረዳልን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አያስረዳም ከማለት በቀር መልስ የለውም። በሳልጋአ ቁልቁለት ነዳጅ ለመቈጠብ ማርሹን አውጥተው በባዶ የሚወርዱ ሾፌሮች ያደረሱት ጥፋት በኬንያ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ይህ ጥያቄ በናይሮቢ ባዶ ጥያቄ አይደለም።

አራተኛው ጭነቱ ነው። መኪናው በመንገድ ላይ በሚገኙት የጭነት ሚዛኖች፣ ለምሳሌ በአቲ ሪቨር፣ ተመዝኖ ያለፈ እንደ ሆነ ወረቀቱ ይገኛል። የድርጅቱ ዐዋቂ ስለ ደኅንነት ሥርዐት ሰፊ ንግግር ሲያደርግ፣ ጠበቃው የሚዛኑን ወረቀት አሳይቶ «ይህን አይተዋልን?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። አላየሁም ካለ፣ ንግግሩ መሠረት አልነበረውም ማለት ነው።

አምስተኛው የዐዋቂው ነፃነት ነው። ስንት ጊዜ ለማመላለሻ ድርጅቶች መሰከሩ? ለተጎጂስ መስክረው ያውቃሉን? ከዚህ በፊት በጽሑፍ ያወጡት አሳብ ከዛሬው ጋር ይስማማልን? ይህ ጥያቄ የሚገባው ግን ማስረጃ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው። ያለ ማስረጃ የሰውን ክብር የሚነካ ጠበቃ በዳኛው ዘንድ የራሱን ክብር ያጎድላል።

በውጭ አገር ያለውንም መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 በተወሰነውና ኩምሆ ታየር በተባለው ጉዳይ፣ አንድ የጎማ ዐዋቂ ጎማው የፈነዳው በፋብሪካ ጉድለት ነው ብሎ ሊመሰክር ሲል፣ የተጠቀመበት የምርመራ ዘዴ አስተማማኝ ሆኖ ባለመገኘቱ ምስክርነቱ ሳይሰማ መቅረቱ ትክክል ነው ተባለ። በዚያ አገር ዳኛው ዐዋቂውን ገና በደጅ ሳለ ይፈትነዋል። በናይሮቢ ግን ዐዋቂው ብዙውን ጊዜ ይገባል፤ የሚፈተነውም ከገባ በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በናይሮቢ የጠበቃው ኀላፊነት ይከብዳል።

፮ኛ፤ ዳኛው እንዴት ይመዝናል?

የኬንያ ፍርድ ቤቶች የዐዋቂን አሳብ ያከብራሉ፤ አይገዙለትም ግን። በ2016 በንዬሪ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። ፍርድ ቤቱ እንዳለው የዐዋቂ ቃል ሌላውን ማስረጃ ሁሉ የሚሽር አይደለም፤ ዳኛውም ብቻውን ነጥሎ ሊያየው አይገባም፤ ሁለት ዐዋቂዎች ሲቃረኑ አሳባቸው ከሌላው ማስረጃ ጋር ተገናዝቦ ይመዘናል።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆነው ቢቀሩስ? የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 ሌንቶ ኤጀንሲስ በተባለው ድርጅት ጉዳይ እንደ ወሰነው፣ ከሁለት ሾፌሮች ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ በማስረጃ መለየት ካልተቻለ፣ ሁለቱም እኩል ጥፋተኞች ይባላሉ። ይህ ለሚስቲቱ ምን ማለት እንደ ሆነ በቁጥር እንየው። ፍርድ ቤቱ ጉዳቷን 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ብሎ ገመተ እንበል። ሙሉው ጥፋት የድርጅቱ ከሆነ 4 ሚሊዮኑ ይፈረድላታል፤ ኢንሹራንሱ በሕግ የሚገደደው ለአንድ ሰው እስከ 3 ሚሊዮን ስለ ሆነ፣ ቀሪውን አንድ ሚሊዮን ከድርጅቱ ትጠይቃለች። ጥፋቱ እኩል ከተባለ ግን የምታገኘው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። እንግዲህ በአራተኛው ገጽ ላይ ያለችው 40 የምትባል ቁጥር መነበቧና አለመነበቧ፣ ለሦስት ልጆች የ2 ሚሊዮን ሺሊንግ ልዩነት፣ ማለት የብዙ ዓመት ትምህርትና ቀለብ ነበረች።

፯ኛ፤ በእኛስ አገር?

በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ግን አንቀጽ 2084 እንደሚለው፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይቈጠራል፤ እያንዳንዱም የጉዳቱን ግማሽ ይከፍላል። ከዚህ የሚድነው አደጋው ፈጽሞ በሌላው ሾፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑን ያስረዳ ነው። ስለዚህ በናይሮቢ በዳኞች ውሳኔ የመጣው ግማሽ ለግማሽ፣ በእኛ ዘንድ በሕግ ተጽፎ ይገኛል። መስቀለኛ ጥያቄም በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግና በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ተደንግጓል፤ ዓላማውም በዋናው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውንና እውነት ያልሆነውን መግለጥ ነው።

በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ለሚሄዱ ሾፌሮቻችንና ነጋዴዎቻችን አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። በእኛ አገር መኪና በቀኝ ይነዳል፤ በኬንያ በግራ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር በዚያ አደጋ ቢደርስበት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለዚህ ልማድ ነው። «ከየትኛው በኩል ይመጣብኛል ብለው ጠበቁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነገሩን ሊወስነው ይችላል።

፰ኛ፤ ከአደጋ በኋላ የሚደረግ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ በፍርድ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ መሠረቱ የሚጣለው አደጋው በደረሰበት ቀን መሆኑን ነው። የጎማ ምልክት ዝናብ ያጥበዋል፤ የተሰበረ መስተዋት ይጠረጋል፤ መኪናው ይጠገናል ወይም ይሸጣል። ስለዚህ የተጎጂ ዘመዶች ከኀዘኑ ጋር ቢከብድም እንኳ፣ የሚችል ሰው መርጠው የስፍራውን ፎቶግራፍ ቢያስነሡ፣ ምልክቱን በሜትር ቢያስለኩ፣ ያዩ ሰዎችን ስምና አድራሻ ቢመዘግቡ፣ የፖሊሱንም የአደጋ መግለጫ ቶሎ ቢወስዱ መልካም ነው። መኪናው ከመጠገኑ በፊትም በራሳቸው ዐዋቂ እንዲመረመር መጠየቅ ይገባቸዋል። የማመላለሻ ድርጅት ያለውም ሰው እንደዚሁ የፍሬን ጥገናውን፣ የጎማ መለወጫውንና የሾፌሩን የዕረፍት ሰዓት በየቀኑ በመዝገብ ቢጽፍ፣ ንጹሕ በሆነ ጊዜ ንጽሕናውን የሚያስረዳለት ይህ መዝገብ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። የባለሙያ ጽሑፍ በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብልን፣ ማኅተሙንና ማዕረጉን አይተን ብቻ መፈረም አይገባንም። ቁጥሩ ከየት መጣ? ስፍራውን ራስዎ አይተዋልን? ይህች ቁጥር ብትለወጥ ውጤቱ ይለወጣልን? ብሎ በትሕትና መጠየቅ ዐዋቂውን መናቅ አይደለም። እውነተኛ ዐዋቂ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወደዋል፤ መልሱን ያውቀዋልና።